ከስክሪኑ በታች የተጻፈው

«ከሥር ያለውን መች አየችውና! ስክሪኑ እዚያ አይደርስም እኮ።»

ማርያማዊት ይህን የሰማችው ማክሰኞ ጠዋት፣ ፊቷን ታጥባ ነጠላዋን ስትፈልግ ነው። የእሷን ክፍል ከይሻው ሳሎን የሚለየው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው። ባሏ ፋንታው በሕይወት ሳለ ሁለቱ ወንድማማቾች የአባታቸውን ቤት ለሁለት ሲከፍሉ፣ ለጊዜው ብለው የመቱት ነበር። ፋንታው ከገሳይ ዘር ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው፤ የለጊዜው ግድግዳ ግን እንዳለ አለ። በዚያ በኩል ሻይ ሲማሰል፣ ልጅ ሲቆጣ፣ ሬዲዮ ሲከፈት ሁሉም ይሰማል። ማርያማዊት የሰማችውን እንዳልሰማች ማለፍ ከለመደች ቆየች፤ ከዚያ ወገን ያሉት ደግሞ የእሷን ዝምታ እንደ አለመኖር ቆጥረውታል። ዛሬ ግን ነጠላዋን በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ብትከራከርስ?» አለች የይሻው ሚስት ፋሲካ።

«በምን አፏ?» አለ ይሻው። «ሦስት ጊዜ ፈርማበታለች። አይቼ ተስማምቻለሁ ነው የሚለው። ዛሬ ከሰዓት ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ የሶስና ነገር እዚያው ይቋጫል። አንቺ ዝም ብለሽ እህትሽን ደህና ልብስ አልብሻት።»

ሁለቱ ሳቁ። ሳቃቸው ክፉ ሳቅ እንኳ አልነበረም፤ ነገር የተሳካለት ሰው ከሚስቱ ጋር ቁርስ ላይ የሚስቀው ዓይነት ነበር። ማርያማዊትን ያቃጠላት ይኸው ነው። ቢሰድቧት ኖሮ ግድግዳውን ትደበድብ ነበር። ለቁርሳቸው ማጣፈጫ ስትሆን ግን ምን እንደምታደርግ አጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ዘግታ ወጣች።

ይሻው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የእሷ ዋርሳ ነው። ሥራ ቦታ ደግሞ አለቃዋ። ሁለቱም የሚሠሩት የድንች ዘር ከጉና ሥር ካሉ ገበሬዎች ሰብስቦ፣ መርጦ፣ መልሶ በሚያከፋፍል አንድ ዩኒየን ውስጥ ነው። እሷ በመጋዘኑ አሥራ አራት ዓመት ዘር መርጣለች። እሱ ከኮሌጅ ወጥቶ የገባው ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ ያስገባው ፋንታው፣ አለቆቹን የለመነችለት እሷ። ሙሽራ ሆና እዚያ ግቢ ስትገባ ይሻው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የደንብ ልብሱን ያጠበችው፣ ለፈተና ሲያነብ እንቅልፍ እንዳይጥለው ቆሎ ያቆላችለት እሷ ናት። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣችው። ሹፌሩ ሃያ ብር ሲላት በሌላ ቀን ቢሆን አሥራ አምስት ነው ብላ ትሟገት ነበር፤ ዛሬ ዝም ብላ ሰጥታ ወረደች።

«ከሥር ያለውን» ማለቱ ምን እንደሆነ ለመገመት ብዙ አልፈጀባትም። ዩኒየኑ ውስጥ ስድስት ትንንሽ ላፕቶፖች አሉ። ከውጭ በእርዳታ የመጡ አሮጌዎች ናቸው፣ ስክሪናቸው ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም። ዊንዶውስ እያንቀረፈፋቸው ስላስቸገሩ ከባሕር ዳር የመጣ ባለሙያ ሊኑክስ ጭኖባቸው እንደገና መሥራት ጀመሩ። ያልተስተካከለው የሠራተኛ ምዘናው ፕሮግራም ነው። የሠሩት ሰዎች ዋናው መሥሪያ ቤት ትልቅ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ስለሠሩት የሚከፈተው ቅጽ ረጅም ነው፤ በትንሿ ላፕቶፕ ሲከፈት ላይኛው ግማሽ ብቻ ይታይና የቀረው ከስክሪኑ ጠርዝ በታች ይገባል። ወደ ታች ማውረጃ የለው፣ ማሳነሻ የለው። መጋዘን ያሉት ሁሉ ያውቁታል፤ ግን ሥር የሚቀረው ባዶ ቦታ ወይም የማኅተም ሥፍራ ይመስላቸው ነበር።

በየስድስት ወሩ ይሻው ራሱ ላፕቶፑን ይዞ መጋዘን ይመጣል። አንድ የዘር ሳጥን ገልብጦ ላዩ ላይ ያስቀምጥና «እትዬ፣ እስቲ ውጤትሽን እዪ» ይላታል። እሷ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ትጎነበሳለች። ሰዓት ማክበር፣ ከአምስት አምስት። የሥራ ጥራት፣ አራት። ከባልደረባ ጋር መግባባት፣ አራት። ደህና ነው። ባለፈው ጥር ላይ አንዴ «ሌላ የለውም?» ብላ ጠይቃው ነበር። «ምን ሌላ አለው? አለቀ፣ ይኸው ነው» አላትና አይቼ ተስማምቻለሁ ብቻ የሚለውን ወረቀት ከነእስክሪብቶው ዘረጋላት። የፈረመችበት ቦታ ላይ አፈር የነካው አውራ ጣቷ እንኳ ታትሞ ቀርቶ ነበር። አሁን ያ አውራ ጣት ትዝ ሲላት እጇን በሌላው እጇ ጨብጣ ያዘችው።

ክፍት የሆነው ሥራ የዘር ጥራት ክፍል ኃላፊነት ነው። የቀድሞው ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ መጋዘኑ በሙሉ ማርያማዊት ትተካዋለች ብሎ ነበር፤ እሱም ራሱ ቁልፉን ሲያስረክብ «ለአንቺ ነው የማስረክበው» ብሏት ወጥቷል። ሶስና የፋሲካ ታናሽ እህት ናት፤ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። ክፉ ልጅ አይደለችም። ግን አጠውልግ የሚባለው በሽታ የያዘውን ድንች ከደህናው አትለይም። ባለፈው ሳምንት አሥራ ሁለት ሳጥን ደህና ነው ብላ ስታሳልፍ ማርያማዊት ከመካከል አንዱን አንስታ በቢላዋ ለሁለት ከፈለችው። ቡናማ ቀለበቱ ታየ፤ በጣቷ ስትጫነው ነጭ ፈሳሽ አወጣ። ያ ዘር ወጥቶ ቢሆን በሰኔ የስንቱ ገበሬ ማሳ በቁሙ ይጠወልግ ነበር። ማርያማዊት ለማንም አልተናገረችም፤ ልጅቷን ወደ ጥግ ጠርታ አሳየቻትና ሳጥኖቹን ለብቻ አስቀመጠች። ዛሬ ጠዋት መጋዘን ገብታ ዘር ስትመርጥ፣ ያን ቀን አፏን በመዝጋቷ ራሷን ረገመች።

እስከ ምሳ ድረስ ሠራች። እጇ ይለያል፣ ዓይኗ ይለያል፣ ልቧ ግን ይሻውን ነው ለሁለት የሚከፍለው። ሶስና ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ጫማ አድርጋ መጥታ «እንደምን አደርሽ እትዬ ማርያማዊት» ስትላት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መለሰችና ወደ ዘሯ ዞረች። ማርያማዊት ብትጮህ ምን እንደሚሆን አሰበች። ይሻው ላፕቶፑን ይከፍታል፣ ላይኛውን ግማሽ ያሳያል፣ «ይኸው፣ ጥሩ ውጤት ነው የሰጠኋት፣ ምን ሆና ነው?» ይላል። ሰው ሁሉ እሷን ያያል። ስለዚህ መጮህ አይሆንም። ያ የተደበቀው ግማሽ ራሱ መውጣት አለበት፤ ያውም እሱ ቆሞ እያየ።

በምሳ ሰዓት ሳትበላ ዙለይካ ጋ ሄደች። ዙለይካ የአንበሳሜ ልጅ ናት። ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታ ተመልሳ፣ ከመናኸሪያው በታች ስልክና ኮምፒውተር የምትጠግንበት ጠባብ ሱቅ ከፍታለች። ሙያውን የጀመረችው አሠሪዎቿ የጣሉትን የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ከቆሻሻ ላይ አንስታ፣ ዓርብ ዓርብ እየፈታች እየገጠመች ነው። ማርያማዊት ስልኳን ሁለት ጊዜ አሠርታባታለች፤ ከዚያ በላይ ዝምድና የላቸውም። እዚያ ቆማ የቅጹን ነገር ስትነግራት ዙለይካ የብሎን መፍቻዋን አስቀመጠች።

«መውረጃ የለውም? ስታሳንሺውም እምቢ ይላል?»

«የለውም። እምቢ ይላል።»

«ሊኑክስ ነው ያልሽኝ?»

«እንደዚያ ነው ሲሉ የሰማሁት።»

«እንግዲያ ቀላል ነው» አለችና ከመደርደሪያው ሥር አንድ እንደዚያው ትንሽ የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ አውጥታ ከፈተች። ሆን ብላ አንድ ረጅም ገጽ አመጣች፤ ግማሹ ከታች ተቀበረ። «ሰው ሁሉ የሚጎትተው ከላይ፣ ከርዕሱ ላይ ይዞ ነው። ርዕሱ ደግሞ ከስክሪኑ አናት በላይ አይወጣም፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ይቆማል። አንቺ ግን ይህቺን አልት የምትባለዋን ቁልፍ በግራ እጅሽ ተጭነሽ ያዢ። አትልቀቂያት። ከዚያ ማውሱን ገጹ ላይ የትም አሳርፈሽ ተጫኚና ወደ ላይ ግፊው።» ገጹ ተነሣ። ርዕሱ ከስክሪኑ አናት በላይ ሄዶ ጠፋ፣ ተቀብሮ የነበረው ከታች ብቅ እያለ መጣ። «አየሽ? አንዳንዱ ላይ ደግሞ አልት አይሠራም። ያን ጊዜ ከጎኗ ያለችውን፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ትይዣለሽ። በይ ሞክሪ።»

ማርያማዊት ሞከረች። መጀመሪያ አልቱን ቶሎ ለቀቀችው። ቀጥሎ ማውሱ አመለጣት። በአራተኛው ገጹ ታዘዘላት፤ አወጣችው፣ መለሰችው፣ ደግማ አወጣችው። ደንበኛ ገብቶ የስልክ ሽፋን ዋጋ ጠይቆ፣ «ሦስት መቶ ሃምሳ» ተብሎ፣ ተከራክሮ ወጣ፤ እሷ አሁንም ታወጣለች፣ ትመልሳለች። ዙለይካ አየቻትና «ምን አድርገውሽ ነው?» አለቻት።

«ገና አላየሁትም።»

«ስታይው ቀስ ብለሽ ግፊው። ቸኩለሽ እንዳታበላሺው» አለችና፣ ምን ልክፈልሽ ስትላት እጇን አወናጨፈች።

በስምንት ሰዓት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ አቶ አድማሱ የሚባሉ፣ በፊት መምህር የነበሩ፣ ነገር የማያቻኩሉ ሰው ናቸው። ከግራና ከቀኛቸው ሁለት አባላት ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የውኃ ጠርሙስና የይሻው ትንሽ ላፕቶፕ አለ። ሶስና በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ጉልበቷን ገጥማ ተቀምጣለች። ሥርዓቱ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ፋይሉን አይቶ «የእኔ ነው» ብሎ እንዲያረጋግጥ ነው። ሶስና አየች፣ አረጋገጠች። ከዚያ ይሻው ላፕቶፑን ወደ ማርያማዊት አዞረና በሰው ፊት እንደሚያደርገው «ወይዘሮ ማርያማዊት፣ እርስዎም ይመልከቱ» አላት። ቤት ውስጥ እትዬ፣ አንቺ የሚላትን።

«እኔ ራሴ ልያዘው» አለች።

«ምን ያደርግልዎታል? ይኸው ይታያል።»

«ትያዘው እንጂ ምን ቸገረህ» አሉ አቶ አድማሱ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሰዓት ማክበር፣ ጥራት፣ መግባባት፤ ሁሉም በቦታው ነው። በግራ እጇ አልትን ተጫነች፣ በቀኟ ገጹን ይዛ ወደ ላይ ገፋች። አልተነሣም። ደግማ ገፋች። እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። ይሻው ከበላይዋ ቆሞ የምትሠራውን ሲያይ እጁን ወደ ላፕቶፑ ሰንዝሮ ነበር፤ ገጹ አልነሣም ሲል ግን ለስለስ ባለ ድምፅ «ምን እየፈለጉ ነው? ልርዳዎት?» አለ። በድምፁ ውስጥ የጠዋቱን ሳቅ ሰማችው። ያ ሳቅ አረጋጋት። ቀስ ብለሽ ግፊው። ጣቷን ከአልት አንስታ ከጎኗ ባለችው፣ ምልክት ባለባት ቁልፍ ላይ አሳረፈችና እንደገና ገፋች። ገጹ ተነሣ።

መጀመሪያ ርዕሱ ሄደ፣ ቀጥሎ ስሟ፣ ቀጥሎ አምስቱና አራቱ ሄዱ። ከታች አንድ ሳጥን ወጣ፤ ላዩ ላይ «የቅርብ ኃላፊ አስተያየት» ይላል። ውስጡ ሦስት ዓረፍተ ነገር አለ። ማርያማዊት ላፕቶፑን እንዳለ አዙራ አቶ አድማሱ ፊት አስቀመጠችው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ በመምህር ልማዳቸው ድምፅ አውጥተው ጀመሩ።

«ሠራተኛዋ ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ ልቧ ከእሷ ጋር የለም። መጋዘን ውስጥ ብቻዋን ታወራለች። ለኃላፊነት...» እዚህ ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለና የቀረውን በዓይናቸው ጨረሱት።

ማርያማዊት ስድብ ጠብቃ ነበር። ሰነፍ፣ ነገረኛ፣ አልታዘዝ ባይ ቢላት መልሱን አዘጋጅታለች። ይህን ግን አልጠበቀችም። እውነት ነውና። ጠዋት ጠዋት ሌላ ሰው ሳይገባ፣ ሳጥኖቹ መካከል ሆና ፋንታውን ታነጋግረዋለች። ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ማንም ያየ አልመሰላትም ነበር። ማን ነገረው? በር ላይ ቆሞ የሰማት ማን ነው? ቀና ስትል ሶስና መሬት መሬት ታያለች።

«ይህን አይተሽ ነው የፈረምሽው?» አሉ አቶ አድማሱ።

«አላየሁም። እንዲህ ሆኖ ነው የሚያሳየን» አለችና ገጹን መልሳ አወረደችው፤ ሳጥኑ ጠፋ። «ሌላ የለውም ወይ ብዬ ጠይቄው፣ አለቀ ብሎኛል።»

«አስተያየት መስጠት የኃላፊ ሥልጣን ነው» አለ ይሻው። «እኔ አልደበቅሁም። የስክሪኑ ችግር ነው። ሊኑክስ ስለሆነ...»

«ዛሬ ጠዋት ለፋሲካ ስትነግራት ታዲያ?» አለችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ከሥር ያለውን መች አየችው፣ ስክሪኑ እዚያ አይደርስም ብለህ የሳቅኸው በማን ነው? ኮምፔንሳቶ ነው እኮ ግድግዳው።»

ሶስና ተነሥታ፣ አዲሱ ጫማዋ እየጮኸባት ወጣች። አቶ አድማሱ በሦስቱም ምዘናዎች የተጻፈው አስተያየት እስኪጣራ ከግምት እንዳይገባ፣ ቦታው ሳይሰጥ እንዲቆይ፣ ይሻውም ነገ እስከ ሦስት ሰዓት በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ አስወሰኑ። የፋይሉ ባለቤት ነኝና ግልባጭ ይሰጠኝ ስትልም አሳትመው፣ ማኅተም አድርገው ሰጧት።

ማሸነፍ ይህ ከሆነ አልጠገበችም። ከቢሮው ስትወጣ ሁለት የመጋዘን ሴቶች እጇን ጨበጡት፤ አንዷ «ደግ አደረግሽው» አለቻት። ማርያማዊት ግን ነገ የሚሆነውን አሁኑኑ ታየዋለች። ይሻው ሁለት ገጽ ይጽፋል፣ ከቴክኒክ ችግር የተነሣ ይላል፣ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ በወሩ ይረሳል። ያቺን «ብቻዋን ታወራለች» የምትለዋን ቃል ግን ከሰው ጆሮ የሚፍቅ ኮሚቴ የለም። ሰው ነገ መጋዘን በር ላይ ሲያልፍ ቀጥ ብሎ ያዳምጣል። ያጎረሰውን፣ ያስተማረውን የሟች ወንድሙን ሐዘን ወስዶ ለሚስቱ እህት ወንበር አድርጎታል። ለዚህ የሚመጥን ቅጣት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ውስጥ ከተተችና በእግሯ ወደ ቤት ሄደች።

የይሻውና የፋንታው እናት ከመነኮሱ ቆይተዋል፤ ሰው እማሆይ ወለተሥላሴ ይላቸዋል፣ ቤተሰቡ እማማ። የሚኖሩት ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ነው። ፊደል አይለዩም። ይሻው ከሥራ ሲመለስ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወደ እሳቸው ሳይገባ ቤቱ አይገባም፤ ጉልበታቸውን ይስማል፣ የዋለበትን ያወራል፣ ይመረቃል። በሰፈሩ ውስጥ የተመሰገነ ልጅ ያሰኘው ይኸው ነው። ማርያማዊት ቀድማ ደርሳ ከአልጋው እግር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እማሆይ ለኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዱትን ጧፍ እያሹ ነበር፤ ጣታቸው በሰም ወዝቷል።

«ምነው ዛሬ በጊዜ መጣሽ?»

«ይሻው የሚያነብልዎት ወረቀት አለ እማማ። እሱን ልሰማ ነው።»

እማሆይ አዩዋትና ማሻሸታቸውን ቀጠሉ። ከፊተኛው ቤት የፋሲካ ድምፅ፣ ከዚያም የሶስና ልቅሶ የመሰለ ነገር ተሰማና ተቋረጠ። ይሻው ሲገባ ማርያማዊትን አይቶ ደፍ ላይ ቆመ። ተመልሶ ሊወጣ ይችል ነበር፤ እናቱ ግን እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ቀና ሲል ወረቀቱ ከፊቱ ተዘርግቷል።

«የምን ወረቀት ነው?» አሉ እማሆይ።

«የመሥሪያ ቤት ነው፣ እማማ። ምንም አይደል።»

«ስለ እኔ የጻፈው ነው» አለች ማርያማዊት። «የእሱ ቃል ነው፣ እሱ ያንብብልዎት።»

«በል አንብብልኝ እንጂ» አሉ እማሆይ። «ምን ያስደነግጥሃል?»

ይሻው ወረቀቱን ተቀበለ። ወደ በሩ ብርሃን ዞረና ጉሮሮውን ጠረገ። «ሠራተኛዋ... ሥራዋን በሚገባ የምትሠራ...»

«እንደዚያ አይልም» አለች ማርያማዊት።

«ሠራተኛዋ ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ... ብዙ ችግር ቢደርስባትም...»

«እንደዚያም አይልም። ልቧ፣ ነው የሚለው። ከልቧ ጀምር።»

ቃሉን በቃሏ ይዛዋለች። በዘለለ ቁጥር መለሰችው፣ በለወጠ ቁጥር አስተካከለችው። ድምፅዋ ተማሪ እንደሚያስጠና ሰው የረጋ ነበር፤ በውስጧ ግን የእያንዳንዱን ቃል ከአፉ መውጣት እንደ ጠማው ሰው ትጠጣዋለች። ይሻው በመጨረሻ አማራጭ አጣ። ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሣ፣ ቀጥ ባለ ድምፅ ጨረሰው። «ልቧ ከእሷ ጋር የለም። መጋዘን ውስጥ ብቻዋን ታወራለች። ለኃላፊነት ቦታ አትታሰብ።»

እማሆይ ጧፉን አስቀመጡ። ማርያማዊት እርግማን ጠበቀች። ከጠዋት ጀምራ የጠበቀችው ይህን ነው፤ እናቱ ጉልበታቸውን ከከንፈሩ ሲያርቁ ማየት። እሳቸው ግን ሰም የወዛ እጃቸውን አዩና በቀስታ ተናገሩ።

«ይሄ የእኔ ቃል ነው።»

ሁለቱም ዞሩ።

«ልቧ ከእሷ ጋር የለም ያልኩህ እኔ ነኝ። አምና በገና ጾም፣ ምሳዋን ረስታው ሄዳ ላደርስላት ብዬ በጠዋቱ መጋዘኑ ድረስ መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ፋንታው፣ ይሄን እየው ትላለች። ሰው ያለ መስሎኝ ቆምኩ። ማንም የለም። ምሳውን በሩ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ያን ለት ማታ ነገርኩህ፤ ሥራ አታብዛባት፣ ወንድምህን አልረሳችውም ብዬ። እንድታዝንላት ነው የነገርኩህ። እንድታዝንላት።»

ይሻው ወረቀቱን እንደያዘ ከደፉ ላይ ቁጢጥ አለ። ኮሚቴ ፊት ያላወጣው ነገር አሁን ከፊቱ ላይ ወጣ፤ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ። ማርያማዊት የፈለገችው ይህን ነበር። አየችው፣ አልጨከነችም ማለት ውሸት ነው፤ ደስ አላት። ደስታዋ ግን ሙሉ አልሆነም። አሮጊቷ ያን ምሳ በር ላይ አስቀምጠው፣ በዚያ ዳገት ብቻቸውን ሲመለሱ ይታያት ጀመር። ያን ቀን ምሳውን ማን አመጣው ብላ እንኳ አልጠየቀችም።

«አሁንም ታወሪያለሽ?» አሏት እማሆይ።

ልትክድ አሰበች። ይሻው ይሰማል። ነገም መጻፊያ ያደርገዋል። ከዚያ ይስማ አለች በልቧ።

«አወራለሁ እማማ። አንድ ሳጥን ዘር ግን ተሳስቼ አላሳለፍኩም።»

«ምን ትይዋለሽ?»

«ያው የቤቱን ነው። የድንቹን፣ የእርስዎን ጤና።»

«ነገስ ምን ልትይው ነው?»

ማርያማዊት ደፉ ላይ ወደተቀመጠው ሰው ዞረች። «ወንድምህ የጻፈውን እናትህ ፊት ማንበብ አቃተው እለዋለሁ። ሁለት ጊዜ ዘለለ፣ ሁለት ጊዜ መለስኩት እለዋለሁ።»

ይሻው ተነሣ። ይቅርታ ሊል ይሁን ሊሟገት ሳይታወቅ «እትዬ» ብሎ ጀመረ። «ሂድ» አለችው። «ነገ እስከ ሦስት ሰዓት የምትጽፈው አለህ። እኔም እዚያው ነኝ፣ እስከ ሥሩ አነበዋለሁ።» ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች። እሱ ሳይመረቅ ወጣ፤ እናቱም አልጠሩትም።

እማሆይ ጨለማው ወደ ክፍሉ እየገባ ሳለ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና የማርያማዊትን እጅ ያዙ።

«የኔንም ንገሪው» አሏት። «አፏን ያልጠበቀችው እናትህ ናት በይው። ደብቀሽ እንዳትተዪልኝ።»

ማርያማዊት እጇን ሳትነጥቅ ከበርጩማው ወርዳ ምንጣፉ ላይ፣ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። ከፊተኛው ቤት የይሻውና የፋሲካ ድምፅ እየተካረረ መጣ፤ ሁለቱ ሴቶች እስከ መጨረሻው አዳመጡት።